አዲስ የናፍጣ ትራክ ከኔቫዳ ገዝቶ ካሊፎርኒያ ማስመዝገብ፦ የልቀት ሕጉ የሚይዘን የት ላይ ነው?

ጀማሪው ባለንብረት፣ ሳክራሜንቶ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ላለፉት 6 ዓመታት ተቀጥሬ ስነዳ ቆይቼ፣ በዚህ ዓመት የራሴን ትራክ ለመግዛት የሚያስችል ቅድሚያ ክፍያ አጠራቅሜያለሁ። በእጄ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው እዚሁ ሳክራሜንቶ ያለ ሻጭ ያቀረበልኝ አዲስ ባለ አልጋ ትራክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከተራራው ማዶ ሪኖ ካለ ሻጭ ያገኘሁት፣ ሥሪቱም የሞተሩ ጉልበትም ተመሳሳይ የሆነ፣ ዋጋው ግን በ9,000 ዶላር ዝቅ ያለ ነው። ሪኖ በመኪና ከሁለት ሰዓት ብዙም ስለማትርቅ ልቤ ወደዚያው አድልቷል።

ያስቸገረኝ የልቀት ሕጉ ነው። አንዱ «ካሊፎርኒያ ናፍጣ ከልክላለች፣ ገንዘብህን አታቃጥል» ሲለኝ፣ ሌላው «ሕጉ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ተሽሯል፣ ከፈለግህበት ግዛ» ይለኛል። የሪኖው ሻጭ በበኩሉ «እኔ እሸጥልሃለሁ፣ የምዝገባው ጉዳይ ያንተ ነው» ብሎ አልፎኛል፤ ይህ አነጋገሩ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ነገሩን በሥርዓት የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም። የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የስቶክተኑ ሹፌር

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ግራ የምንጋባው «የካሊፎርኒያ ሕግ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር ያለ እየመሰለን ነው። ሕጎቹ በሚይዙት ሰው ይለያያሉ፤ አንዱ አምራቹን ይይዛል፣ ሌላው ገዢውን፣ ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና። አንዱ ሲሻር ሌላው አብሮ አይሻርም፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ አምራቹን የሚይዙትን እንመልከት። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ግዛቶች ለአዲስ መኪና የየራሳቸውን የልቀት ደረጃ እንዳያወጡ ይከለክላል፤ ካሊፎርኒያ ብቻ ኢፒኤ ከሚባለው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፈቃድ እየጠየቀች የራሷን ጠንከር ያለ ደረጃ እንድታወጣ ተፈቅዶላታል። ሌሎች ግዛቶች ደግሞ ከ1977 ወዲህ ያንኑ የካሊፎርኒያን ደረጃ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ መቀበል ይችላሉ። በዚህ ሥልጣን ካርብ የሚባለው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ሁለት ትላልቅ ደንቦችን አወጣ። የመጀመሪያው «ኦምኒበስ» የሚባለው ነው፤ ከ2010 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ 0.20 ግራም በፈረስ ጉልበት ሰዓት የነበረውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጣሪያ ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ወደ 0.05፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ ወደ 0.02 የሚያወርድ ነበር። ሁለተኛው በ2020 የጸደቀው አምራቾች ከሚሸጧቸው ትራኮች ውስጥ በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ድርሻ ጭስ አልባ እንዲሆን የሚያስገድደው ነው። «ናፍጣ ተከለከለ» የሚለው ወሬ የመነጨው ከዚህኛው ነው፤ ነገር ግን ደንቡ አምራቹን በድርሻ ያስገድዳል እንጂ አንተን ናፍጣ እንዳትገዛ አይከለክልም።

የአሜሪካ ምክር ቤት እነዚህን ሁለቱንና የቤት መኪናውን ደንብ የሚደግፉትን ፈቃዶች የሻረ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕም ጁን 12 ቀን 2025 ፈርመውበታል። «ተሽሯል» የሚሉህ ይህንን ይዘው ነው። ካሊፎርኒያና ሌሎች 10 ግዛቶች ግን በዚያው ዕለት፣ ፈቃድ ማለት ምክር ቤቱ በዚህ መንገድ ሊሽረው የሚችል ደንብ አይደለም ብለው ከሰዋል።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ ልምጣ፤ አንተን የሚነካህ ገዢውን የሚይዘው ሕግ ነው። በካሊፎርኒያ የጤናና ደኅንነት ሕግ መሠረት የግዛቱ ነዋሪ ለካሊፎርኒያ ያልተመሰከረለትን አዲስ መኪና ከውጭ ገዝቶ እዚህ ማስመዝገብ አይችልም። «አዲስ» የሚለው ቃል እንደ ሻጩ አፍ የሚለዋወጥ አይደለም፤ የርቀት ቆጣሪው ከ7,500 ማይል በታች ካሳየ መኪናው በሕጉ ዓይን አዲስ ነው። ይህ የግዛቱ የራሱ ሕግ ነው፤ ምክር ቤቱም የሻረው ፈቃዶቹን እንጂ ይህን አይደለም። ስለዚህ የሪኖው ትራክ ምስክር ወረቀቱ የፌዴራል ብቻ ከሆነ ዲኤምቪ በሚባለው የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ልትቆም ትችላለህ።

የጋራዡ ሰው፣ ኦክላንድ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ ደግሞ በእጅ የሚጨበጠውን ልጨምር። ሕጉን ከመተርጎምዎ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የልቀት መግለጫ ያንብቡ። ብረት መሳይ ትንሽ መለያ ናት፤ ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ላይኛ ክዳን ላይ ወይም ጎኑ ላይ ትገኛለች። ጽሑፏ ሞተሩ የኢፒኤንና የካሊፎርኒያን ደንብ ያሟላል የምትል ከሆነ ነገሩ አለቀ። ኢፒኤን ብቻ የምትጠቅስ ከሆነ ግን ያ ትራክ እንደ ኔቫዳ ላሉ ግዛቶች የታሰበ ነው። ከ2010 እስከ 2023 ድረስ የሁለቱ ደረጃ ተመሳሳይ ስለነበረ አብዛኞቹ ሞተሮች ሁለቱንም ስም ይዘው ይወጡ ነበር፤ መንገዱ የተለያየው ከ2024 ሞዴል ወዲህ ነው።

እዚያው መለያ ላይ የሞተር ቤተሰብ የሚባል የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ሞዴል ዓመት ይናገራል፤ «አር» 2024ን፣ «ኤስ» 2025ን፣ «ቲ» 2026ን ያመለክታል። የትራኩ ሻንሲ ቁጥር አሥረኛ ፊደል ደግሞ በዚያው አቆጣጠር የትራኩን ዓመት ይናገራል። ሁለቱን ያስተያዩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር የትራኩና የሞተሩ ዓመት ብዙውን ጊዜ በአንድ መለያየታቸው ነው፤ የልቀት ሕግ ደግሞ የሚከተለው የሞተሩን ዓመት ነው። ያገለገለ ትራክ ሲገዙም ይኸው ነው፤ «2010 ነው» ተብሎ የተገዛ ትራክ ሞተሩ የ2009 ሆኖ ተገኝቶ ባለቤቱ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የላስ ቬጋሱ

ይህን ሁሉ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሚሠሩት ትራኮች ስንቱ የኔቫዳና የአሪዞና ሰሌዳ እንደያዘ የማታውቁት ይመስል። እዚህ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለህ በእሱ አድራሻ ኩባንያህን አቋቁም፣ ሰሌዳውን ከዚህ አውጣ፣ ሎድህን ከዚያ ጫን። ማንም የሚጠይቅህ የለም።

የስቶክተኑ ሹፌር

የላስ ቬጋሱ ወንድማችን ግማሹን እውነት ተናግሮ ግማሹን ትቶታል። በርግጥ የኔቫዳ ነዋሪ የሆነ ሰው የፌዴራል ምስክር ብቻ ያለውን አዲስ ትራክ ገዝቶ፣ ግዛቶች በሚጋሩት የአይአርፒ ምዝገባ ሰሌዳ አውጥቶ ካሊፎርኒያ ገብቶ መሥራት ይችላል። የግዢ ሕጉ የሚይዘው የካሊፎርኒያን ነዋሪና እዚህ የንግድ ቦታ ያለውን ሰው ነው። ነገር ግን ጠያቂያችን የሚኖረው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው፣ ትራኩንም የሚያሳድረው ሳክራሜንቶ ነው። የአይአርፒ ሥርዓት መሠረትህን እውነተኛ የንግድ ቦታህ ወይም መኖሪያህ ባለበት ግዛት እንድታደርግ ይጠይቃል፤ ማይልህንም መዝግበህ እንድትይዝ ያስገድዳል፤ ኦዲት ሲመጣም ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። በሰው አድራሻ የተያዘ ኢንሹራንስ ደግሞ አደጋ የደረሰ ቀን ምን ዋጋ እንዳለው አስቡት። 9,000 ዶላር ለማትረፍ የ160,000 ዶላር ንብረት በሐሰት ወረቀት ላይ ማቆም እኔ አልመክርም።

የላስ ቬጋሱ

እሺ፣ ጋሼ፣ ነዋሪ ላልሆነ ሰው መምከሬ ስህተት ነው። ለነዋሪው ግን ይሠራል፤ እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ነው የምሠራው።

የሲያትሏ እናት ሹፌር

እኔ የማካፍላችሁ ከዋሽንግተን ግዛት ያየሁትን ነው፤ ምክንያቱም «ሕጉ አምራቹን እንጂ ገዢውን አይነካም» የሚለው አባባል በወረቀት ላይ እውነት ቢሆንም ኪስ ላይ ሲደርስ ይለወጣል። ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ማሳቹሴትስ የካሊፎርኒያን የጭስ አልባ ትራክ ድርሻ የተቀበሉ ሲሆን፣ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ታስቦ ነበር። አምራቹ የኤሌክትሪክ ድርሻውን ካልሸጠ የናፍጣውን ቁጥር መቀነስ ወይም ከሌላ አምራች ክሬዲት፣ ማለትም ያ አምራች ከድርሻው በላይ የሸጠበትን ነጥብ፣ መግዛት አለበት። ስለዚህ ሻጩ ጋ ስሄድ «ናፍጣ የለም» አላለኝም፤ «ተራ ያዢ» ነው ያለኝ። ተራው ሲደርስ ደግሞ ዋጋው እኔ ካሰብኩት ከፍ ብሎ ጠበቀኝ። ኤሌክትሪኩን ለምን አልሞከርሽም ለሚለኝ ሰው፦ ፍሬይትላይነር ለኢካስካዲያ የሚናገረው ርቀት እስከ 230 ማይል፣ ቮልቮ ለኤሌክትሪኩ ቪኤንአር የሚናገረው እስከ 275 ማይል ነው። ከሲያትል ስፖኬን ስደርስ የሚጠብቀኝ የትራክ ቻርጀር ሳይኖር በዚያ መተማመን አልቻልኩም። ወደብ አካባቢ ለሚሠራና ማታ ማታ ግቢው ለሚመለስ ሰው ግን ጥሩ መኪና መሆኑን እመሰክራለሁ፤ ነድቼዋለሁ፣ ድካሙ በጣም ያንሳል።

በኋላም ማሳቹሴትስና ኦሪገን በ2025 የደንቡን አፈጻጸም አላልተዋል። እንግዲህ ግዛቶቹ ራሳቸው ቢሆኑ መኪናውና መሠረተ ልማቱ እኩል እንዳልደረሱ አይተውታል ማለት ነው።

ጀማሪው ባለንብረት፣ ሳክራሜንቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋራዡ ወንድማችን እንዳሉት የሁለቱንም ትራኮች መለያ ፎቶ አስልኬ አየሁ። ሁለቱም ሻንሲያቸው አሥረኛው ፊደል ላይ «ቲ» ስለሚል ትራኮቹ የ2026 ናቸው፤ የሞተር ቤተሰባቸው ግን በ«ኤስ» ይጀምራል፣ ስለዚህ ሞተሮቹ የ2025 ናቸው። ተመሳሳይ ናቸው የተባሉት ሞተሮች የቤተሰብ መለያቸው የተለያየ ነው። የሳክራሜንቶው ኢፒኤንም ካሊፎርኒያንም ይጠቅሳል፤ የሪኖው ኢፒኤን ብቻ ነው። ለሻጩ ይህን ብነግረው «አሁን ያ ሕግ ስለማይሠራ ችግር የለም» አለኝ። ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ግን ስልኩን ማንሳት ተወ።

የጋራዡ ሰው፣ ኦክላንድ

እንግዲህ 9,000 ዶላሩ ከየት እንደመጣ አሁን ተገለጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ቅናሽ የሻጩ ቸርነት አይደለም፤ ትራኩ የሚሸጥበት ገበያ ስለጠበበ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። እርስዎም ነገ ሊሸጡት ሲነሡ ያው ጥበት ይጠብቅዎታል፤ ምንም እንኳ 7,500 ማይል ካለፈ በኋላ እንደ ያገለገለ ቢቆጠርም።

ሌላው፣ ገበያ ላይ ርካሽ ያገለገለ ትራክ ሲያዩ ዲፒኤፍ የሚባለው የጥላሸት ማጣሪያና ጭሱን ለማጽዳት ዴፍ የምንለው ፈሳሽ የሚረጭበት ሥርዓት በቦታቸው መኖራቸውን ያስመርምሩ። አንዳንዱ ባለቤት በብልሽቱ ሲማረር አስወልቆ ኮምፒውተሩን በሌላ ፕሮግራም አስቀይሮ ይሸጠዋል። ይህ በመላው አገሪቱ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የቀድሞው ባለቤት ያስወለቀውን መመለስ የሚወጣው ወጪ ደግሞ የርካሽነቱን ጥቅም በአንድ ቀን ይበላዋል።

የዴፍ ብልሽት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሹፌሩን አውራ ጎዳና ላይ ማሰቃየቱ ብዙ ሰው ያማረረበት ነገር ነው። ኢፒኤ ኦገስት 2025 ላይ ይህ ድንገተኛ ጉልበት መቀነስ እንዲላላ መመሪያ አውጥቷል፤ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ የሚወጡ አዳዲስ ትራኮችም ይህን እንዲያስቀሩ ይጠበቃል። ያም ሆኖ መመሪያው ሥርዓቱን አስወልቁ አይልም፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያደባልቁ ደንበኞች በየሳምንቱ ይመጡብኛል።

የሎንግ ቢቿ

ትራክ አልነዳም፤ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ይህን ክር ሳነብ ሁሉም ስለ ዋጋ ሲያወራ ስለ ጭሱ የጠየቀ ሰው አለማየቴ ስለገረመኝ ነው የምጽፈው። የምንኖረው 710 አውራ ጎዳና አጠገብ ነው። ከወደቡ የሚወጣው ኮንቴይነር ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ መስኮት ከከፈትሁ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጥቁር አቧራ ይቀመጣል፣ ትንሹ ልጄም አስም አለበት። ካርብ የናፍጣ ጥላሸትን መርዛማ የአየር በካይ ብሎ የፈረጀው በ1998 ነው። ያኔ ይሄዱ የነበሩት ትራኮችና የዛሬዎቹ በዓይን እንኳ እንደሚለያዩ አሮጌ ጎረቤቶቻችን ይናገራሉ። ሕጉ እንቅፋት ብቻ ተደርጎ ሲነገር ልቤ ያዝናል፤ ባለቤቴም ብድር ሲከፍል ያማርራል፣ ማታ ግን ያንኑ አየር እየተነፈሰ ነው የሚተኛው።

የሜሪላንዱ

እህቴ፣ ያሉት እውነት ነው፤ የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ድልድዩን ከተሻገርሁ ቨርጂኒያ ነኝ። ሜሪላንድ የካሊፎርኒያን የትራክ ድርሻ ተቀብላለች፣ ቨርጂኒያ አልተቀበለችም። ጎረቤቴ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ከሻጩ ጋር ተስማምቶ የሚጨርሰውን እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕጉ ምን እንደሚሆን እየገመትሁ ነው የማስበው። ጠንካራ ሕግም ይሁን ላላ ያለ፣ አንድ ሆኖ ቢጸና ነጋዴ ይለምደዋል፤ በምርጫ ማግሥት የሚገለባበጥ ከሆነ ግን የ5 ዓመት ብድር የሚፈርም ሰው በምን ላይ ያስላው?

የስቶክተኑ ሹፌር

የሜሪላንዱ ወንድሜ በዚህ ላይ አልከራከርህም። የወደብ ትራክ የሚነዱ ጓደኞቼ በ2023 መጨረሻ ያዩትን አስታውሳለሁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደብ ላይ እንዲሠሩ በሚመዘገቡ ትራኮች ዝርዝር ውስጥ አዲስ የሚገባ ትራክ ጭስ አልባ ብቻ ይሆናል ስለተባለ፣ ያለ ዕቅዱ ናፍጣ እየተሻማ የገዛ ነበር። ቀኑ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ካርብ የፌዴራል ፈቃዱ ስላልመጣ አላስፈጽምም አለ፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የፈቃድ ጥያቄውን ራሱ መልሶ ወሰደው። በጥድፊያ የገዛው ሰው ብድር ግን የሚመለስ አልነበረም።

ለጠያቂያችን ደግሞ ዋጋውን ሲያሰላ የሚረሱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በአዲስ ከባድ ትራክ ላይ የሚጣለው 12 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይስ ቀረጥ ነው፤ በ160,000 ዶላር ላይ ይህ ብቻ 19,200 ዶላር ነው። ሻጩ የሚጠራልህ ዋጋ ይህን የጨመረ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ፤ ሁለቱን ሻጮች ስታወዳድር አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳይጨምር ነግሮህ ሊሆን ይችላል። ለያገለገለ ትራክ ይህ ቀረጥ የለም፤ ልዩነቱ ሰፊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ መንገድ ላይ ያለውን መኪና የሚይዘው ሕግ አለ፤ መጀመሪያ የጠቀስሁት ሦስተኛው ዓይነት ነው። ክብደቱ ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ትራክ ከ2023 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመሥራት በጥቅሉ የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ሞተር ያስፈልገዋል፤ ይህ የላስ ቬጋሱንም ወንድማችንን ይመለከታል። ከዚህ በተጨማሪ ክሊን ትራክ ቼክ የሚባለው የልቀት ምርመራ አለ። በካርብ ድረ ገጽ ተመዝግበህ ዓመታዊ ክፍያ ትከፍላለህ፤ 30 ዶላር ገደማ ነው፣ የሚያስጨንቅ አይደለም። ፈተናው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የ2013ና ከዚያ ወዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር በኮምፒውተሩ በኩል ይፈተሻል፤ የአሮጌው ደግሞ የጭሱ ጥቁረት ይለካል። አዲስ ትራክ ስለሆነ እንደምታልፍ አትጠራጠር፤ ቀኑን እንዳትረሳ ብቻ ነው። ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች ማረጋገጫውን መጠየቅ ስላለባቸው፣ ያለ እሱ ሎድ የሚከለክሉህ እነሱ ናቸው።

ጀማሪው ባለንብረት፣ ሳክራሜንቶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባሉኝ መሠረት ደውዬ ጠየቅሁ፤ የሳክራሜንቶው ዋጋ ኤክሳይሱን የጨመረ ሲሆን የሪኖው አልጨመረም። እንግዲህ ርካሽ የመሰለኝ ትራክ ቀረጡ ሲታከልበት በብዙ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው አለመጠየቄ አሳፍሮኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። 2027ን ልጠብቅ ይሆን? የፌዴራሉ አዲስ ደረጃ ይመጣል ሲባል እሰማለሁ።

የጋራዡ ሰው፣ ኦክላንድ

የፌዴራሉ ደንብ በዲሴምበር 2022 የወጣው ነው፤ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ጣሪያ ከ0.20 ወደ 0.035 ያወርደዋል። እንደ ወጣው ለከባድ ትራኮች የልቀት ክፍሎች ዋስትና እስከ 450,000 ማይል ድረስ እንዲራዘምም አድርጎ ነበር፤ ኢፒኤ ግን በማርች 2025 ደንቡን እንደገና እንደሚያየው አስታውቋል። ዋስትናው ቢጸና ለእርስዎ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን የዋስትናው ወጪ በትራኩ ዋጋ ላይ መጨመሩ አይቀርም። አዲስ የልቀት ሥርዓት በወጣ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ ጋራዥ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ከ2007ና ከ2010 በኋላ በሚገባ አይቻለሁ። ሥራው አሁን ካለዎት የሁለቱ ስም ያለበትን የ2025 ሞተር ቢይዙ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። በሹፌሩ በኩል ኮፈኑ ላይ «ቆሞ ሲሠራ ንጹሕ መሆኑ የተመሰከረለት» የሚል ትርጉም ያለው የካሊፎርኒያ ተለጣፊ መኖሩን ያረጋግጡ። እዚህ ግዛት ቆሞ ሞተር ማስነሣት ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈቀድም፤ ያ ተለጣፊ ያለበት ሞተር ግን በአብዛኛው ቦታ ይፈቀድለታል። አልጋው ላይ የሚያድሩ ከሆነ በሐምሌ ሙቀት ቤከርስፊልድ ላይ ልዩነቱን ያውቁታል።

ጀማሪው ባለንብረት፣ ሳክራሜንቶ

ዛሬ ሄጄ አየሁት፤ ተለጣፊው አለ። ሐሙስ ጠዋት ልፈርም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የሞተሩን መለያ ፎቶም ከውሉ ጋር እንዲያያዝልኝ ጠይቄ ተስማምተዋል።